የማዘንጊያ አልጋ ወራሽ

ማዘንጊያ ገብረ መድኅን ድሬ ዳዋ ውስጥ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ጻፈች፤ የስብሰባ ጥሪ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ማስጠንቀቂያ፣ የዝውውር ደብዳቤ። ጣቷ ፈጣን ስለነበረ አለቆቿ ይፈልጓታል፤ ምላሷም ከጣቷ ስለማያንስ ይፈሯታል።

ስሟን ያወጡላት እናቷ ወይዘሮ በለጠች ናቸው። ከእሷ በፊት የወለዱት ሕፃን በወባ ሞቶባቸው ነበርና ይህችኛዋ ሐዘኔን ታስረሳኝ ብለው ማዘንጊያ አሏት። አባቷ አቶ ገብረ መድኅን የደብረ ብርሃን ሰው ነበሩ። በጉብዝናቸው ወራት የባቡር ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርደው ቴሌግራፍ መምታት ተማሩና ከዚራ ሠፈር ጎጆ ቀለሱ። ደጋውን እየናፈቁ በድሬ ዳዋ ሙቀት አረጁ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከግቢያቸው ኒም ዛፍ ሥር ወንበር አስወጥተው ለማዘንጊያና ለታናሽ ወንድሟ ለዘገዬ የአገራቸውን ነገር ያወሩላቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ ደጋግመው የሚያወሩት የአንድ ልዑል ታሪክ ነበር።

«ከተማችንን የቆረቆሩትን ታላቁን ንጉሥ ሁሉ ያውቃቸዋል» ይላሉ አቶ ገብረ መድኅን። «ልጃቸውን በእደ ማርያምን ግን ማን ያውቀዋል? እናቱ ልጄን ላንግሥ ብላ ዶለተች ተባለና ንጉሡ አስገረፏት። በዚያው ሞተች። በስውርም ተቀበረች። ልጁ መሞቷን ሲሰማ፣ ወደ ተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ላከ። ይሄም ለንጉሡ ተነገረ። አስቀርበው፣ ‹ማን ሞቶብህ ነው ጧፍ የምትልከው?› አሉት።»

«ምን አለ?» ይላል ዘገዬ፣ መልሱን እያወቀ።

«‹እናቴ ሞታለች ሲሉ ሰምቼ ነው› አለ። አልዋሸም። ለዚያም ተገረፈ። ኋላ ንጉሡ ሲሞቱ እሱ ነገሠና መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? እስረኛ ፈታ።»

አቶ ገብረ መድኅን አብዮቱ ከመፈንዳቱ ሁለት ዓመት በፊት አረፉ። ወግ ባለው ለቅሶ ተቀበሩ፤ የከዚራም የመጋላም ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ።

ለዘገዬ ግን ይህ አልደረሰውም።

መጋቢት 1970 ዘገዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ማክሰኞ ቀን፣ ምሳ በልቶ እጁን ሳይታጠብ መጥተው ወሰዱት። ሐሙስ ጠዋት ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ከሌሎች አራት ልጆች ጋር ተጋድሞ ተገኘ፤ ደረቱ ላይ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። ወይዘሮ በለጠች ሊያነሱት ሲጠጉ ሬሳዎቹን የሚጠብቅ ጠመንጃ የያዘ ሰው አፈሙዙን ወደ እሳቸው አዞረ። ማዘንጊያ እናቷን ከኋላ ጨምድዳ ያዘቻቸው። ሬሳውን መኪና ጭኖት ሄደ፤ የት እንደ ቀበሩት እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም።

በዚያው ዕለት የቀበሌው ሊቀመንበር ቤታቸው መጣ። ወይዘሮ በለጠች ጥቁር ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ለአብዮት ጠላት አይለቀስም» አለ። «ልብስዎን ይቀይሩ። ጎረቤት እንዳይገባ። ነገ ሰልፍ አለ፤ ሁለታችሁም ትወጣላችሁ።»

ወጡ። መፈክር አሰሙ። በሰባተኛው ቀን ወይዘሮ በለጠች ነጠላቸው ውስጥ አንዲት ጧፍ ሸሽገው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የቀበሌው ጥበቃ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አስቁሞ ከእጃቸው ነጠቀና ሰባብሮ ጣላት።

ማዘንጊያን ከዚህ ሁሉ የባሰ ያንገበገባት ግን ሌላ ነበር። በዚያ ሳምንት መሥሪያ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ አንድ ረቂቅ ቀረበላት፤ በፀረ አብዮተኞች ላይ ለተወሰደ እርምጃ ለቅሶ መቀመጥ፣ ከል መልበስና ድንኳን መትከል ክልክል መሆኑን የሚያሳውቅ መግለጫ። ከስምንት ቅጂ ጋር ይጻፍ ይላል። ጻፈችው። አንድ ፊደል አልሳተችም። ማታ ቤቷ ገብታ ጣቶቿን አየቻቸው፤ ወስዳ ባሕር ብትጥላቸው በወደደች።

«ስሜ ማዘንጊያ ነው እንጂ እኔ አልዘነጋም» አለች ለእናቷ። ከዚያች ቀን በኋላ ወይዘሮ በለጠች የዘገዬን ስም ሲጠሩ ሰው አልሰማም።

ሦስት ዓመት አለፈ። በ1973 ማዘንጊያ አንድ ባለ መቶ ቅጠል ደብተር ገዛችና መጻፍ ጀመረች። ስለ ወንድሟ ልትጽፍ ነበር የተነሣችው፤ ብዕሯ ግን እንቢ አለ። የመጀመሪያውን መስመር አሥር ጊዜ ጽፋ አሥር ጊዜ ሰረዘች። በአሥራ አንደኛው የአባቷ ልዑል መጣላት። እናቱን እንዳያለቅስ የተከለከለው ልጅ፣ በታላቅ አባቱ ጥላ ተውጦ የተረሳው አልጋ ወራሽ። ከዚያ በኋላ እጇ አልቆመም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቷ የነፍስ አባት ወደ ነበሩት መነኩሴ ትሄዳለች። እሳቸው ዜና መዋዕሉን በግእዝ ያነበቡ ሰው ናቸው፤ የሚያስታውሱትን እየተረጎሙ ይነግሯታል። የጎደለውን ራሷ ትሞላዋለች። ልዑሉ እናቱ ስትገረፍ የት ነበር? ጧፉን ማንን አስያዘ? ሲገረፍስ ምን አሰበ? አራት ዓመት ጻፈች፤ ስድስት ደብተር ሞላ። ስሙንም «አልጋ ወራሹ» አለችው።

ታይፕ ለማድረግ ካርቦን ያስፈልጋት ነበር። በዚያን ጊዜ ደግሞ ካርቦን ከሱቅ አይገኝም። መላ ያገኘችላት ጎረቤቷ ዳሃቦ ናት። ዳሃቦ በባቡር ጅቡቲ እየተመላለሰች ጨርቅ የምትነግድ ሱማሌ ነበረች፤ ፈታሽ ሲመጣ ሳቋ ብቻ በር ያስከፍታል ይባልላት ነበር። ሦስት ፓኮ ካርቦን ከሽቶና ከሻሽ መሐል ጠቅልላ አመጣችላት።

«አቦ፣ ይሄ ጥቁር ወረቀት ምን ያደርግልሻል?» አለቻት ዳሃቦ። «ሻሽ ባመጣልሽ አይሻልም ነበር?»

«መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው።»

«ስለ ምን?»

«አንድ ልጅ ለእናቱ እንዳያለቅስ ከለከሉት። እሱ ግን አለቀሰ።»

ዳሃቦ ፊቷ ተለወጠ። ባሏ ዋሪስ በ1969 የጦርነቱ ጊዜ ከሠፈሩ ወጥቶ የቀረ ነው። የሱማሌ ሰላይ ነበር ተብሎ ስለ ነበር ቤተሰቡ ጮክ ብሎ ቁርአን እንኳ አላስቀራለትም።

«ወላሂ፣ ይሄ የኔም ነው» አለች። «ካርቦኑ ሲያልቅ ንገሪኝ።»

ማዘንጊያ ጽሑፉን አጠናቅቃ ለሕትመት ፈቃድ አዲስ አበባ ላከች። መልስ ሳይመጣ አሥራ አንድ ወር ሆነ። በ1978 ኅዳር ላይ የባህልና የፕሮፓጋንዳ ጉዳይ ኃላፊ የሆነው ጓድ ወልደጻድቅ ቢሮው አስጠራት። ወልደጻድቅ ቀድሞ አስተማሪ ነበረ፤ ንግግሩ ለስላሳ፣ ሰው ሲያናግር እርሳሱን የሚያሽከረክር ሰው። የእሷ ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ዳርና ዳሩ በቀይ ተሞልቷል።

«እንኳን ደስ አለሽ ጓድ ማዘንጊያ» አለ። «ጽሑፉ ተወዷል። አሥር ሺህ ቅጂ ሊታተም ይችላል። ምሥራቁ ክፍል አንዲት ሴት ደራሲ አፈራ ማለት ለእኛም ትልቅ ነገር ነው። ጥቂት ማስተካከያ ብቻ አለ።»

«ምን ዓይነት?»

«ዋናው ባለታሪክ አባትየው ይሁን። ንጉሡ ፊውዳል መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ግን አገር አንድ አድርገዋል፣ ጠላት ደምስሰዋል። አሁን የሚያስፈልገን እንዲህ ያለ ብርቱ መሪ ነው። ዘጠነኛው ምዕራፍ፣ የግርፋቱ፣ ይወጣል። አሥራ አራተኛውም፣ እስረኛ የሚፈታበት፣ ይወጣል። ርዕሱ ይቀየራል።»

«ልጁስ?»

«ልጁ ይኖራል፤ ዳር ላይ። ምን ሠራና?» ወልደጻድቅ እርሳሱን አስቀመጠ። «አሥር ዓመት ነገሠ፣ ሞተ። ማን ያስታውሰዋል?»

«እኔ አስታውሰዋለሁ» አለች ማዘንጊያ። «ሠላሳ አራት ዓመት የነገሡት አባቱ እኮ አንዲት ጧፍ ፈሩ። እሱ አልፈራም። እርስዎ አስተማሪ ነበሩ፤ ከሁለቱ ብርቱው የቱ ነው?»

ወልደጻድቅ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ በሩ መዘጋቱን አየ።

«ስለ ማን እንደምታወሪ አውቃለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያዘዙኝም ያውቃሉ። እኔ ልጠቅምሽ ነው። አስቢበት። ነገ መልስ ስጪኝ።»

ቤቷ ስትደርስ እናቷ ምስር እየለቀሙ ነበር። አሥር ሺህ ቅጂ የሚለው ቃል ልቧን አላማለለውም ማለት ውሸት ነው። ስሟ ሽፋን ላይ ታትሞ ለገሃር ካለው መጽሐፍ ቤት መስኮት ሲታያት ዋለ። ደብተሮቹን አወጣችና ከእናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ ዘጠነኛውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። ወይዘሮ በለጠች ማንበብ አያውቁም። እጃቸው ምስሩ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ንጉሡ «ማን ሞቶብህ ነው?» ብለው ሲጠይቁና ልዑሉ «እናቴ» ሲል፣ ስምንት ዓመት ያልወጣ ድምፅ ከወይዘሮ በለጠች ወጣ።

«ዘገዬ» አሉ። «ዘገዬ! የኔ ጌታ!»

ከዚያ በኋላ ስለ አሥር ሺህ ቅጂ ማሰብ ቀረ። ማዘንጊያ በማግሥቱ ወልደጻድቅ ዘንድ ሄዳ፣ «አንድ ቃል አይወጣም» አለችው።

«እንግዲያው ጽሑፉ እዚህ ይቀራል» አለና መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። «ስለዚህ ጉዳይ ለማንም አታወሪ። ይሄ ትእዛዝ ነው።»

«ትእዛዝ ስንት ዓመት ታይፕ ሳደርግ ኖሬ መልኩ አይጠፋኝም» ብላው ወጣች።

ድሬ ዳዋ ቀትር ላይ ትዘጋለች። ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ቢሮው ይቆለፋል፤ ግማሹ ሰው ይተኛል፣ ግማሹ ጫት ይዞ በርጫ ላይ ይቀመጣል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መንገዱ ላይ ፍየል ብቻ ነው የሚታየው። ማዘንጊያ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀትር ወደ ቤቷ መሄድ አቆመች። ባዶው ቢሮ ውስጥ በላብ ተጠምቃ፣ በስድስት ካርቦን ሰባት ሰባት ቅጂ እያደረገች፣ የተከለከሉትን ሁለት ምዕራፎች መታች። በየገጹ ግርጌም «ማዘንጊያ ገብረ መድኅን፣ ድሬ ዳዋ» ብላ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች።

የበር ጥበቃው አዛውንቱ ጉሌድ ድምፁን ሰምተው በመስኮት ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው?»

«አይደለም፣ አባባ።»

ጉሌድ፣ «ሰው ከጠየቀኝ የመንግሥት ሥራ ነው እላለሁ» አሉና ወደ ጥላቸው ተመለሱ።

ዳሃቦ አማርኛ ማንበብ ባትችልም የማታደርሰው ቦታ አልነበረም። አንዱ ቅጂ በባቡር ጓዳ እስከ ድንበሯ ከተማ ደወሌ ሄደ። አንዱ ሳቢያን ሠፈር ለሚኖሩ አስተማሪዎች ደረሰ። አንዱ የቀበሌው ሱቅ ለስኳር የተሰለፉት ሴቶች ዘንድ ገብቶ ከእጅ እጅ ሲዘዋወር ውሎ ጠርዙ ተበልቶ ተመለሰ። በዚያች ከተማ ያልለቀሱት ቤቶች ብዙ ነበሩ። የሱማሌ እናቶች ምዕራፉን በሱማሌኛ እያስተረጎሙ ሰሙት። አንዷ ለማዘንጊያ በዳሃቦ በኩል የላከችላት መልእክት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ንጉሡን አልወደድኩትም። ልጁን ግን ልጄ ብዬዋለሁ።»

በአራተኛው ወር ሁለት የደኅንነት ሰዎች ቢሮዋ ድረስ መጡ። አንደኛው አንድ ቅጂ ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረ።

«ይሄን ማን ነው የጻፈው?»

«ዐይንዎ ደኅና ከሆነ ከታች ተጽፏል።»

«ስምሽን ሰው ጽፎብሽ ይሆናል» አለ ሁለተኛው፤ መውጫ ሊሰጣት የፈለገ ይመስላል። «ከካድሽ እናምንሽ ይሆናል።»

«እኔው ነኝ የጻፍኩት። አርባ ዘጠኝ ቅጂ ነው። ቁጥሩን እንዳትሳሳቱ።»

ይዘዋት ሄዱ። ሰባት ሳምንት ታሰረች። የታሰረችበት ክፍል ውስጥ ሌሎች አሥራ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ዜናዋ ቀድሟት ገብቶ ኖሮ ገና በሩ ሲዘጋ አንዲት ቦጋለች የምትባል የዳቦ ቤት ሠራተኛ ጠጋ አለችና፣ «ያ ልጅ ኋላ ነገሠ አይደል?» ብላ ጠየቀቻት። ማዘንጊያ ሳቀች። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ልብ ወለዷን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምራ በቃሏ ተረከችላቸው። ወረቀት ላይ ያልነበረ ነገርም ጨመረች፤ ሴቶቹ እየተከራከሩ አሻሻሉላት። «ንግሥቲቱ እንዲህ ዝም ብላ አትገረፍም፤ አንድ ነገር ትበለው» አለች ቦጋለች። ማዘንጊያም አንድ ነገር እንድትል አደረገቻት።

በአምስተኛው ሳምንት መርማሪው አስጠራት። የእምነት ቃሏን ልትሰጥ ነበር። የመርማሪው ታይፒስት ግን ወልዳ እቤቷ ነበረች፤ እሱ ደግሞ በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ ግማሽ ሰዓት ፈጀና አንድ መስመር እንኳ ሳይጨርስ ተናደደ።

«አንቺ ታይፒስት ነሽ አይደል?»

«ነኝ።»

«በይ ራስሽ ጻፊው። በፀረ አብዮት ጽሑፍ ሕዝብ ማሳሳትሽን፣ መጸጸትሽን፣ ያዘዘሽንም ሰው ስም። አጭር ይሁን።» ሲጋራውን ለኮሰና መስኮቱ ጋ ቆመ።

ማዘንጊያ ወረቀቱን አስተካክላ አስገባች። ጣቶቿ አምስት ሳምንት ሥራ ፈትተው ነበርና ሮጡ። ስትጨርስ አወጣችና ፈርማ ሰጠችው። መርማሪው ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«‹እኔ ማዘንጊያ ገብረ መድኅን መጋቢት 1970 ለቅሶ የሚከለክል መግለጫ ከስምንት ቅጂ ጋር ጽፌአለሁ። ጥፋቴ ይህ ነው፤ እጸጸታለሁ። ወንድሜ ዘገዬ ገብረ መድኅን በዚያው ሳምንት ተገድሏል። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነበር። ለእሱ እንድጽፍ ያዘዘኝ ሰው የለም›...»

ቀሪውን በዐይኑ ጨረሰውና ቀዳደደው። ቁርጥራጩን ጨምድዶ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እንደገና ጻፊ።»

«ያንኑ ነው የምጽፈው። ወረቀት እንዳያልቅብዎ።»

በጥፊ መታት። ወንበሩን ይዛ ቆመች፤ ከንፈሯ ደምቷል። ተቀመጠችና ያንኑ ቃል ዳግመኛ ጻፈች። ሦስተኛ ጊዜም ጻፈች። ከሦስተኛው በኋላ መርማሪው አልቀደደውም፤ አጣጥፎ መዝገብ ውስጥ ከተተው። ለምን እንደ ሆነ ማዘንጊያ አላወቀችም።

ስትፈታ ከሥራዋ ዝቅ ተደርጋ ጀልዴሳ ተመደበች። መሠረተ ትምህርት አስተምሪ ተባለች። የጽሕፈት መኪና የሌለበት፣ ከብትና ግመል የሚበዛበት አገር ስለ ነበር አደብ ትገዛበታለች ብለው አስበው ይሆናል። እሷ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ቀን ቀን ከግራር ሥር ገበሬና አርብቶ አደር ፊደል አስቆጠረች፤ በትርፍ ጊዜዋ የታሰረውን ልብ ወለድ ከቦጋለች ማሻሻያ ጋር በአዲስ ደብተሮች ጻፈችው። ወልደጻድቅ የቆለፈበት ጽሑፍ ከመሳቢያው አልወጣም። መጽሐፉ በደርግ ዘመን አልታተመም፤ ይህን አስቀድማም አውቃው ነበር።

መጋቢት 1981 ፈቃድ ጠይቃ ድሬ ዳዋ ወረደች። ወይዘሮ በለጠች እየተዳከሙ ነበር። ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣

«ድንኳን አስተክዪልኝ» አሏት።

ማዘንጊያ ምክንያቱን አልጠየቀችም። ወደ እድሩ ሰብሳቢ ሄደች። ሰውየው ግራ ገባው።

«ማን ሞተባችሁ?»

«ዘገዬ።»

«ዘገዬማ... ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ እኮ ነው።»

«የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ሟቹ መቼ የሞተ መሆን አለበት ይላል?»

ሰብሳቢው ላቡን ጠረገ። ደንቡን አወጣ፤ ሁለት ጊዜ አገላበጠው። «አይልም» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ራሱ ድንኳኑን ተሸክሞ መጣ።

ረፋዱ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ እያየ፣ ከዚራ ከቤታቸው ደጃፍ ላይ ድንኳን ተተከለ። ወይዘሮ በለጠች ከል ለብሰው መሐል ተቀመጡ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ማንም አልመጣም። መጀመሪያ የገባችው ዳሃቦ ናት፤ ጫማዋን አውልቃ ከወይዘሮ በለጠች አጠገብ ቁጭ አለችና የባሏን ስም እየጠራች በሱማሌኛ አለቀሰች። ቀጥላ ከእስር የተፈታችው ቦጋለች መጣች። ጉሌድ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። ከዚያማ የሚገባው በዛ። ወንበር አለቀና ምንጣፍ ተነጠፈ። አልቃሽ አላስፈለገም፤ የገባው ሁሉ የራሱን ሟች ስም ይዞ መጣ።

ከቀትር በፊት የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት ጥበቃዎች ጋር ደረሰ። አዲስ ሰው ነበር፤ የቀድሞው ተሽሯል። ማዘንጊያ ድንኳኑ በር ላይ ወጥታ ቆመች።

«ይሄ ለማን ነው?» አለ።

«ለወንድሜ። በ1970 ነው የተገደለው።»

«ፈቃድ አላችሁ?»

«ለለቅሶ ፈቃድ አንጠይቅም። ማስቆም ከፈለጉ ይግቡና ለእናቴ ይንገሯቸው። እዚያ መሐል ናቸው።»

ሊቀመንበሩ አሻግሮ ወደ ውስጥ አየ። ድንኳኑ ሙሉ ነበር፤ ሁሉም ዞረው እያዩት ነው፤ አንድም የተነሣ የለም። አንደኛው ጥበቃ ጠመንጃውን አውርዶ ከድንኳኑ ካስማ ጋር አስደገፈውና ኮፍያውን አወለቀ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ገባ፤ ከበሩ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ ጠራው። አልተነሣም።

ሊቀመንበሩ ከሌላኛው ጋር ተመልሶ ሄደ። ድንኳኑ ሦስት ቀን ሙሉ ቆመ።